ሳያውቅ የበላ ሰው ምን ጎደለበት?

አንድ ሰው ቢያውቅ ኖሮ የማይበላውን ነገር ሳያውቅ ቢበላ ተበድሏል እንላለን ወይስ አልተበደለም? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንዱ ወገን፣ «ያላወቀው ነገር ምን ይጎዳዋል? በልቷል፤ ጠግቧል፤ አመስግኖ ሄዷል» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ «ኃጢአቱ ያበላው ነው» ብሎ ይገላገላል። ሁለቱም መልሶች በየቤቱ ይሰማሉ፤ ሁለቱም ግን ነገሩን ገና ሳይከፍቱት የሚከድኑት ይመስለኛል። የመጀመሪያው መልስ በደልን ከሕመም ጋር አንድ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ስለ ኃጢአት ይናገርና ስለ ተበዳዩ ዝም ይላል። የበላው ሰው ምን እንደተወሰደበት የሚነግረን የለም።

ነገሩን በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከምንተወው በአንድ ድስት ላይ እንፈትነው። ድስቱ የአሜሪካኖች ነው፤ በውስጡ ያለው ደግሞ ነጭ ቺሊ የሚባል፣ በተጠበሰ የአሳማ ሥጋ የሚሠራ ወፍራም ወጥ ነው።

ነጩ ድስት

ቺሊ የቴክሳስ ሰዎች መኩሪያ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በሳን አንቶኒዮ ከተማ አደባባዮች «የቺሊ ንግሥቶች» የሚባሉ የሜክሲኮ ተወላጅ ሴቶች ማታ ማታ እየቀዱ ይሸጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች የግዛቲቱ መለያ ምግብ ብለው ሰይመውታል። ይህ ዋናው ቺሊ ቀይ ነው፤ የበሬ ሥጋና የደረቀ ቀይ በርበሬ ነው። ነጩ ቺሊ የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። በቀዩ በርበሬ ፈንታ አረንጓዴ ቃሪያ፣ በበሬው ፈንታ አብዛኛውን ጊዜ ዶሮ ይገባበታል፤ መሠረቱ ነጭ ቦሎቄ ነው፤ ቲማቲም ከነጭራሹ አይደርስበትም።

በአሳማ ሥጋ የሚሠሩት ግን እንዲህ ያደርጋሉ። አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የአሳማ ትከሻ በጨው፣ በከሙንና በኦሬጋኖ ታሽቶ ያድራል። ግማሽ ኪሎ ነጭ ቦሎቄም በውኃ ተዘፍዝፎ ያድራል። በማግስቱ ሥጋው በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ያልተፈጨ የአሳማ ሥጋ ውስጡ 63 ዲግሪ ደርሶ 3 ደቂቃ ካረፈ ለጤና አያሰጋም ይላል። ትከሻ ግን ጅማታም ስለሆነ በሹካ ሲነኩት እንዲፈራርስ ሙቀቱ 90 ዲግሪን ማለፍ አለበት። በዚህ መካከል ትልልቁ ቃሪያ ልጡ እስኪጠቁር በእሳት ላይ ይለበለባል፤ ተሸፍኖ ላቡን ካወጣ በኋላ ይላጣል፤ ይከተፋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት ይቁላላል፤ ቦሎቄው፣ ቃሪያውና መረቁ ይጨመራል። ቦሎቄው ሲበስል ጥቂቱ ተደቁሶ ይመለስና ወጡን ያወፍረዋል። በመጨረሻ ሥጋው በጣት እየተፈለፈለ ይገባል፤ ሎሚ ይጨመቅበታል፤ የድንብላል ቅጠልና የኮመጠጠ ክሬም ከላይ ይደረግበታል።

የድስቱን ታሪክ ላጤነው ሰው ሁለት ዓለም የተገናኘበት ነው። ቃሪያውና ቦሎቄው የአሜሪካ ምድር ተወላጆች ናቸው፤ የእኛም በርበሬ ከዚያው ዘር ነው። አሳማው ግን መጤ ነው፤ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1493 ሁለተኛ ጉዞው ካመጣቸው እንስሳት አንዱ ነበር። ሄርናንዶ ደ ሶቶም እ.ኤ.አ. በ1539 ፍሎሪዳ ሲወርድ የአሳማ መንጋ አስከትሎ ነበር።

ለጉዳያችን ዋናው ነገር ግን የወጡ ቀለም ነው። በቀይ ወጥ ውስጥ ያለ የበሬ ሥጋ ራሱን ይናገራል። በነጭ ወጥ ውስጥ የተፈለፈለ የአሳማ ትከሻ ግን የተፈለፈለ የዶሮ ፈረሰኛ ይመስላል። ነጭ ቺሊ ብዙ ጊዜ የዶሮ ስለሆነም ስሙን የሰማ ሰው ዶሮ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ዓይንም ስምም አንድ ላይ ሆነው ያሳስቱታል።

እንግዲህ እንዲህ እናስብ። አንዲት አሜሪካዊት በበረዶ ወራት ለሥራ ባልደረቦቿ ድስቱን ጥዳ ትጋብዛለች። ከተጋባዦቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ይሁን፣ ሙስሊም ይሁን፣ ቤተ እስራኤላዊ ይሁን፣ የአሳማ ሥጋ አይቀምስም። እርሷ አልነገረችውም፤ እርሱም አልጠየቀም። ሁለት ሳህን ጨርሶ፣ እጅሽን ይባርከው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ምን ሆነ?

«ምንም አልሆነም»

ምንም አልሆነም የሚለውን ወገን በቀላሉ መናቅ አይገባም። ማስረጃው ጠንካራ ነው። በሰውየው አካል ላይ የደረሰ ጉዳት የለም፤ በደንብ የበሰለ ሥጋ ነው፤ እንዲያውም ብርዱን አስታግሶለታል። በነፍሱም ቢሆን የየሃይማኖቱ መጻሕፍት አይጨክኑበትም። ቅዱስ ቁርኣን በሁለተኛው ምዕራፍ አሳማን ከከለከለ በኋላ ተገድዶ ለበላ ሰው ኃጢአት እንደሌለበት ይናገራል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያው መልእክቱ ከማያምን ሰው ቤት የተጋበዘ ክርስቲያን የቀረበለትን ሳይመራመር እንዲበላ ይመክራል። ሆድም ሰማይም ካልተከፉ፣ ታዲያ የተከፋው ማነው?

ይሁን እንጂ ይህ ክርክር አንድ ነገር ሳይመረምር ያልፋል፤ በደል ሁሉ ሕመም አለው ብሎ ይነሣል። አንድ ሰው የእናንተን ደብዳቤ በእንፋሎት ከፍቶ አንብቦ፣ እንደነበረ አሽጎ ቢመልሰው፣ ምሥጢሩንም ለማንም ባይናገር፣ ምን ያማችኋል? ምንም። ነገር ግን አልተበደልንም የሚል ማን ነው? የተወሰደባችሁ ነገር አለ፤ ማን ያንብብ፣ ማን አያንብብ የማለት ሥልጣን። ሕመም ባይኖርም በደል አለ።

የሳህኑም ነገር እንዲሁ ነው። ምግብ ከሌላው ዕቃ ሁሉ የሚለየው ወደ ውስጣችን ገብቶ እኛን መሆኑ ነው። ሰው ልብሱን ሊያወልቅ፣ ከቤቱ ሊወጣ ይችላል፤ የዋጠውን ግን አይመልስም። ስለዚህ ሰው በዚህ ዓለም ካለው ሥልጣን ሁሉ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አፉን መክፈትና መዝጋት ነው። ሕፃን እንኳ ሌላ ምንም ሳይኖረው ጭንቅላቱን አዙሮ እንቢ የሚለው በአፉ ነው። እንግዳው ሳያውቅ ሲበላ ይህ እንቢ የማለት ዕድል አልፎታል።

በ2013 እ.ኤ.አ. የሆነውን እናስታውስ። በጥር ወር የአየርላንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን የበሬ ሥጋ ተብለው የሚሸጡ 27 ዓይነት በርገሮችን መርምሮ በ10ሩ ውስጥ የፈረስ ዘረመል ማግኘቱን ይፋ አደረገ። አውሮፓ በሙሉ በፈረሱ ጮኸ። በዚያው ምርመራ ግን በ23ቱ ውስጥ የአሳማ ዘረመል ተገኝቶ ነበር። በፈረሱ የደነገጠው ሰው የታመመ አልነበረም፤ የተነገረው ሌላ፣ የበላው ሌላ ስለሆነ ተቆጣ። በአሳማው ምክንያት የተነሣው ድምፅ ግን ከፈረሱ እጅግ ያነሰ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር መማር ይቻላል፤ ሰው የራሱ እንቢታ ሲጣስ በደል መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ የሌላው እንቢታ ሲጣስ ግን «ምን ይጎዳዋል?» ማለት ይቀናዋል።

ማክዶናልድም ድንች የሚጠብሰው በአትክልት ዘይት ነው ካለ በኋላ በድንቹ ውስጥ ከበሬ የተገኘ ጣዕም መኖሩ ስለታወቀ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥጋ የማይበሉ ሰዎችና ሂንዱዎች በሲያትል ከሰሱት፤ በ2002 ይቅርታ ጠይቆ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከሳሾቹ የሆድ ቁርጠት አላቀረቡም። የቀረበው አቤቱታ «ሳላውቅ ራሴን አስከዳችሁኝ» የሚል ነበር ብንል አንሳሳትም።

ክልከላው ከንቱ ቢሆንስ?

እዚህ ላይ የሚነሣ ሌላ ተቃውሞ አለ። የአሳማ ክልከላ ራሱ ምክንያት የሌለው ልማድ ቢሆንስ? ሊቃውንት ስለ ክልከላው ብዙ ብለዋል። ሜሪ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ አሳማ ሰኮናው የተሰነጠቀ ሆኖ ሳለ የማያመሰኳ በመሆኑ ከተሠራለት ክፍል ስለወጣ ነው የተጠላው ትላለች። ማርቪን ሃሪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974፣ አሳማ ጥላና ውኃ የሚሻ፣ ከሰው እህል የሚሻማ ስለሆነ ለደረቁ የመካከለኛው ምሥራቅ ምድር አይስማማም፤ ክልከላው ከዚያ መጣ ይላል። በእኛም አገር በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ (ጸሐፊው ማን እንደሆነ ሊቃውንት ቢከራከሩበትም) የጾም ሥርዓት የእግዚአብሔር ሳይሆን የሰው ነው እስከ ማለት ደርሷል።

እነዚህ ሁሉ ትክክል ናቸው ብንል እንኳ ለጉዳያችን የሚለውጡት ነገር የለም። የእንግዳውን ክልከላ ከንቱ ነው የሚል ሰው ቢኖር መንገዱ ክፍት ነው፤ ተቀምጦ ይከራከረው፤ ያሳምነው። ማሳመንና በድስት አሳልፎ ማለፍ ግን ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው ሰውየውን እንደ ሰው ይቆጥረዋል፤ ሁለተኛው እንደ ከረጢት። ኢማኑኤል ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትቁጠር የሚለው ትምህርቱ በወጥ ቤት ውስጥ ሲተረጎም ይህን ይመስላል።

አሳማ ደግሞ በታሪክ ውስጥ የሰው እምነት መመርመሪያ ሆኖ ብዙ ጊዜ ቀርቧል። በስፔን እ.ኤ.አ. በ1492 አይሁድ ከተባረሩና ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ከተገደዱ በኋላ፣ አሳማ አልበላም ያለ ተጠማቂ በምሥጢር አሮጌ ሃይማኖቱን ይዟል ተብሎ በኢንኩዊዚሽን ፊት ይጠረጠር ነበር። ከዚያ በፊት ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ርቆ፣ ከእኛው መቃብያን የተለየው የግሪኩ ሁለተኛ መጽሐፈ መቃብያን በምዕራፍ 6 የአልዓዛርን ታሪክ ይነግረናል። የ90 ዓመት ሽማግሌ ነው። የንጉሥ አንጥዮኮስ ሰዎች አሳማ እንዲበላ ያስገድዱታል። የጥንት ወዳጆቹ አዝነውለት ዘዴ ያበጁለታል፤ የተፈቀደለትን ሥጋ ከቤቱ አስመጥቶ አሳማውን እንደበላ መስሎ እንዲታይ ይለምኑታል። እርሱ ግን ወጣቶቹ አልዓዛር በእርጅናው ሃይማኖቱን ለወጠ ብለው ይሳሳቱብኛል ብሎ እንቢ ይላል፤ ይሞታልም።

የአልዓዛር ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመን ጥያቄውን ገልብጦ ስለሚያሳየን ነው። በእርሱ ዘንድ ሆዱ ንጹሕ ሆኖ ስሙ ሊረክስ ነበር፤ ያልበላውን በላ ሊባል ነበር። በእኛ እንግዳ ዘንድ ደግሞ የበላውን አልበላሁም እያለ እንዲኖር ሆኗል። በሁለቱም ላይ የሚነካው ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። እንግዳችን ነገ፣ «አሳማ በአፌ ዞሮ አያውቅም» ብሎ ለልጁ ቢናገር ሳያውቅ ይዋሻል። ይህን ያደረገችው ደግሞ የሌላ ሰው ዝምታ ናት።

የጋባዥና የተጋባዥ ድርሻ

ታዲያ ጋባዥ በድስቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ መዘርዘር አለበት ማለት ነው? አይደለም። የጨውና የከሙን ልክ የሚጠይቅ የለም። ግዴታው ሰው እንቢ ሊልበት የሚችለውን ነገር መናገር ነው። የአሜሪካ ሕግ ይህን በከፊል ሠርቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሕግ በታሸገ ምግብ ላይ እንደ ወተት፣ እንቁላልና ለውዝ ያሉ 8 አለርጂ አምጪ ነገሮች ተለይተው እንዲጻፉ አስገድዷል፤ ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኗል። ሕጉ የተጨነቀው ለአካል ነው፤ ከወዳጅ ቤት ማዕድም አይደርስም። ኅሊናን የመጠበቁ ሥራ ለጋባዡ ቀርቷል።

ለዚህ ሥራ እኛ ባዕዳን አይደለንም። በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን ዕርድ ባይበላም ተጋባዥነት አልተቋረጠም። ለሠርግ ወይም ለተዝካር የሚደግስ ክርስቲያን ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በሬውን ወይም በጉን በእነርሱ እጅ ያሳርዳል፤ ድስቱ ይለያል፤ ጭልፋው ይለያል፤ የሚያስተናግደውም ይለያል። ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ይህን ሥርዓት የመለያየት ምልክት አድርገው የሚያዩት አሉ። እኔ ግን የመተማመን ጥበብ ነው እላለሁ። በሥነ መለኮት ሳይስማሙ፣ ማንም ማንንም ሳያሳምን፣ የአንዱ እንቢታ በሌላው ቤት ይጠበቃል።

ሆኖም ራሳችንን ብቻ አናሞግስ። ይሉኝታችን እንግዳውን ዲዳ ያደርገዋል። «ምን ይሉኛል» ብሎ ያልጠየቀው ኢትዮጵያዊም ድርሻ አለው፤ አሜሪካዊቷ የእርሱን ልማድ በራእይ ልታውቅ አትችልም። ቀድሞ፣ «እኔ አሳማ አልበላም» ቢላት አትቀየምም፤ በእነርሱ ዘንድ ይህን መናገር ነውር አይደለም። እኛ ጋባዦች ስንሆን ደግሞ «በሞቴ» እያልን የሰውን እንቢታ በፍቅር ስም እንሰብራለን። ጾመኛው በሽሮው ላይ ቅቤ ጠብ ማለት አለማለቱን ሲጠይቅ የሚቆጣ ባለቤትም አለ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ጉርሻ አለ። የሚጎርስ ሰው በእጁ ውስጥ ያለውን ሳያይ አፉን ይከፍታል። «ባጎረስኩ ተነከስኩ» የሚለው ምሳሌያችን የአጉራሹን ብሶት ይናገራል። የጎራሹን መታመን የሚናገር ምሳሌ ግን ብዙ አይሰማም፤ ቢሆንም ጉርሻ ያለዚያ መታመን አንድ ቀን አይውልም።

ይህም ሆኖ እንቢታ የሚከበረው የእንቢተኛው ስለሆነ እንጂ የማኅበረተኛው ስለሆነ አይደለም። በባዕድ አገር ኖሮ፣ አስቦና ወስኖ አሳማ የሚበላ ኢትዮጵያዊ ቢኖር፣ ሳህኑን እያዩ የሚያሳፍሩት ወገኖቹ ያችኑ ሥልጣን ይነጥቁታል። እንቢ ማለት የሚችለው እሺም ማለት የሚችል ሰው ነው።

ከተበላ በኋላ

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ግን በማግስቱ ነው። አሜሪካዊቷ በጨዋታ መካከል ይህ ባልደረባዋ አሳማ እንደማይበላ ከሌላ ሰው ሰማች እንበል። ልትነግረው ይገባል? ብትነግረው ያዝናል፤ ምናልባትም ይታመማል፤ ባትነግረው በሰላም ይኖራል። አብዛኛው ደግ ሰው እዚህ ላይ ዝም ማለትን ይመርጣል፤ ዝምታውንም ርኅራኄ ይለዋል።

እኔ ግን ትንገረው ባይ ነኝ። ምክንያቴም ይኸው ነው። ትናንት በሆነው ነገር እርሷ አልበደለችም፤ ሳታውቅ ሠራች፤ ሳያውቅ በላ። ስሕተት ነበር። ካወቀች በኋላ ዝም ካለች ግን ስሕተቱ ወደ ውሳኔ ይለወጣል። ከዛሬ ጀምሮ ስለ እርሱ ሕይወት እርሱ የማያውቀውን ታውቃለች፤ እንዳያውቅም ትፈቅዳለች። የጥንቱ ሕግም ይህን የተረዳው ይመስላል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 4 ሳያውቅ ለተላለፈ ሰው መሥዋዕት ሲደነግግ፣ መሥዋዕቱ የሚቀርበው በደሉ ከታወቀው በኋላ ነው። በዚያ ሕግ ማወቅ የመፍትሔው በር ነው። እንግዳችን ከሰማ በኋላ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ፣ ወይም «አላወቅሁም፣ አልፏል» ብሎ ይሳቅ፣ ወይም ይቆጣ፣ ምርጫው የእርሱ ነው። ዝም የምትለው ሴት ግን ይህን ሁሉ ስለ እርሱ መርጣለታለች። ጳውሎስም ሳትመራመሩ ብሉ ካለ በኋላ ወዲያው አንድ ሁኔታ ይጨምራል፤ አንድ ሰው ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው ብሎ ከነገራችሁ ነገሩ ይለወጣል ይላል። እርሱም ዘንድ የመንገር ቃል ክብደት አለው።

በሞት አልጋ ላይ ላለ ሽማግሌ ይህን ሄዶ መንገር ይገባል የሚል ሰው ግን ከእውነት ይልቅ የራሱን ሸክም ማራገፍ የሚወድ ነው። ለሌላው ሁሉ መንገሩ መልክ አለው። በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻ፣ «ዶሮ መስሎህ ነበር፤ አሳማ ነበረ፤ ባውቅ አላደርገውም ነበር» ማለት በቂ ነው። ማስተባበያ ሲበዛ ይቅርታው ለተናጋሪው እንጂ ለሰሚው አይሆንም።

የሚገርመው፣ ይህ ድስት ራሱ አሠራሩ መውጫ ያዘጋጀ መሆኑ ነው። በብዙ ወጥ ውስጥ ሥጋው ከመጀመሪያው ገብቶ አብሮ ስለሚበስል መለየት አይቻልም። በነጩ ቺሊ ግን ትከሻው ለብቻው በምድጃ ይጠበሳል፤ ቦሎቄውና ቃሪያው ለብቻቸው ይበስላሉ፤ የሚገናኙት በመጨረሻው ሰዓት ነው። መረቁ የአትክልት ከሆነ፣ ሽንኩርቱም በአሳማ ሞራ ካልተቁላላ፣ ጭልፋውም ካልተቀላቀለ፣ ሥጋውን በሌላ ሳህን ጎን ለጎን አቅርቦ፣ «ይህ አሳማ ነው፤ የፈለገ ይጨምር» ማለት ይቻላል። የሚበላው ጨምሮ ይበላል፤ የማይበላውም ከዚያው ድስት ቦሎቄውን ቀድቶ፣ ሎሚውን ጨምቆ፣ በአንድ ገበታ ይቀመጣል። ድካሙ አንድ ሳህንና አንድ ጭልፋ መጨመር ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ከእራት በኋላ ይታጠባሉ።